ትንፋሼን ሊለኩ የመጡ ሰዎች

ያደግኩት መርካቶ፣ በርበሬ ተራ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳ የምለው ለወጉ ያህል ነው። በእኛ በኩል ጭቃ፣ በእነሱ በኩል ቆርቆሮ ሆኖ መሃሉ የአይጥ መንገድ ነበር። ጠዋት የወፍጮው ሞተር ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ትንሽ ቆይቶ ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት በኩል ቀይ ብናኝ ቀስ እያለ ይወርድና አልጋችን ላይ ያርፋል። እማዬ በየቀኑ አንሶላ ታራግፋለች፤ ያራገፈችው ብናኝ ደግሞ እሷ ዞር ስትል ተመልሶ ይገባል።

እማዬ ራሷ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ዛላውን ከጫኞቹ ትረከባለች፣ ታስቀነጥሳለች፣ ታስፈጫለች፣ በርበሬ ተራ ባላት ጠባብ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ትሸጣለች። አባዬ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። የእናቴ እንጀራ በርበሬ፣ የእኔ በሽታ አስም። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ያድሩ ነበር።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ብርድ ነው አለች፣ ሌላዋ ምች ነው አለች፣ ሦስተኛዋ የሰው ዓይን ነው ብላ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው እማዬን ወደ ጥግ ጎትታ አወራቻት። ጤና አዳም አሸተቱኝ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አጎረሱኝ፣ ደረቴን በቅባት አሹኝ። ደረቴ ግን እንደ ተዘጋ ቧንቧ ሲር ሲር ማለቱን አልተወም። በመጨረሻ አባዬ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ አስም ነው ተባለ፣ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ፓፍ እንለው ነበር። ጎረቤቶቻችን በአስሙ ያልደነገጡትን በፓፉ ደነገጡ። አንዴ ከለመደችው ዕድሜ ልኳን አትላቀቀውም ብለው እማዬን አስፈራሯት። ስለዚህ ፓፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ የሚወጣው ከንፈሬ ሲጠቁር ብቻ ሆነ። እነዚያ ሴቶች ዛሬም ድረስ ሳስባቸው ያናድዱኛል። በወፍጮው ብናኝ ራሳቸው ሲያስነጥሱ እየዋሉ፣ የፈሩት መድኃኒቱን ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አንዲት ነጭ መኪና ገባች። ከአንድ ትልቅ ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው፣ የልጆችን አስምና አለርጂ ያጠናሉ ተባልን። መሪያቸው ፕሮፌሰር ነበር፤ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ከሚናገረው ሦስት ቃል አንዱ እንግሊዝኛ የሆነ ሰው። ከእሱ ጋር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንጋና አንዲት ወጣት ነርስ ነበሩ። ነርሷን ሲስተር እንላት ነበር። ከመሃላቸው ስማችንን ጠይቃ ስማችንን የምታስታውስ እሷ ብቻ ነበረች።

በሰልፍ ቆመን አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንድንነፋ አደረጉን። ቱቦዋ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት በትንፋሻችን ልክ ወደ ፊት ትሄዳለች። ጤነኞቹ ልጆች እስከ ጫፍ ሲያደርሷት ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። የእኔ ተራ ደረሰ፤ ባለኝ ኃይል ሁሉ ነፋሁ፤ ምልክቷ ፈቀቅ ብላ ቆመች። ማንም አላጨበጨበም። ፕሮፌሰሩ ግን መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀረበኝና ፊቱ በራ። «በጣም ቆንጆ!» አለ፤ ተማሪዎቹንም ኑ እዩ ብሎ ጠራቸው። እንደገና ነፋሁ፣ እንደገናም ነፋሁ፣ በየጊዜው ይበልጥ ደካማ ሆንኩ፤ እነሱም በየጊዜው ይበልጥ ደስ አላቸው። በተማሪነት ዘመኔ አንድም መምህር በውጤቴ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም።

ሌላ ቀን መጡና ክንዳችን ላይ ጠብታ በረድፍ በረድፍ አንጠባጥበው በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ በመርፌ ጫፍ ጫር አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ ክንዴ ንብ የነደፈው መሰለ። ይኼ በረሮ ነው፣ ይኼ በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ ነው፣ ይኼ ሻጋታ ነው እያሉ ተማሪዎቹ እብጠቴን በማስመሪያ ለኩት። የበርበሬው ጠብታ የትኛው እንደሆነ ሲስተርን ጠየቅኳት። ጠብታዎቹ ከውጭ አገር ተዘጋጅተው እንደሚመጡና በርበሬ በመሃላቸው እንደሌለ ነገረችኝ። ነገሩ ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው የሳቅኩት። ፈረንጅ አገር በረሮም ሻጋታም አለ፤ በርበሬ ተራ ግን የለም። ስለዚህ በእኛ ሳንባ ውስጥም አልተፈለገም። ክንዴን ፎቶ አነሱት። እያሳከከኝ ስንቀጠቀጥ አንዱ ተማሪ ፎቶው እንዳይደበዝዝ እንዳልነቃነቅ ነገረኝ።

ክንዴ እንዲያ ስላማረላቸው ቤታችን ድረስ መጡ። የቀበሌው ሊቀመንበርም አብሯቸው መጣ፤ ይህ ሰው ጎርፍ ሲገባብን ወይም መጸዳጃ ቤት ሲሞላ የማይገኝ፣ ነጭ መኪና ያለበት ቦታ ግን የማይጠፋ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቤታችን ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ስላልቻለ ጎንበስ እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ ከሰል ምድጃው ላይ ሲያርፍ የጠፋ ዕቃውን እንዳገኘ ሰው «አሃ» አለ። መስኮቱ የት እንዳለ ጠየቀ። እማዬ መስኮት እንደነበረን፣ ወፍጮ ቤቱ ሲሰፋ እንደተደፈነ፣ አቤት ብላ ቀበሌ ሄዳ መልስ እንዳላገኘች ነገረችው። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ።

ከዚያ ምክር መጣ። ምንጣፍ ካለ ይነሳ፤ እኛ ያለን የተቀዳደደ ፕላስቲክ ነው። አንሶላ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ውኃ እኛ ሰፈር በሳምንት መምጣቱ ራሱ ወሬ ነው። ድመትና ውሻ አልጋ ላይ አይተኙ፤ አልጋው ላይ የምንተኛው ሦስታችን ነን፣ ለድመት ቦታ የለንም። ልጅቷ ፀጉራም አሻንጉሊቶች ካሏት ይወገዱላት። ይህን ሲል እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። የሚወገድ አሻንጉሊት ቢኖረኝ ምንኛ በወደድኩ። ያ ምክር ለሌላ አገር፣ ለሌላ ቤት፣ ለሌላ ልጅ የተጻፈ ነበር፤ እሱ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበልን።

በወጉ ለመናገር ግን ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሊወጣ ሲል እማዬ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቶ፣ የእሱም ልጅ አስም እንደነበረበትና አሁን ድኖ ኳስ እንደሚጫወት ነገራት። እማዬ ያንን ያዘች። ከተባለው ሁሉ አንጀቷ ጠብ ያለላት ያ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የቤታችንን አየር የምትለካ ሳጥን እንደሚያመጡ ነገሩን። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ውላ ታድራለች፤ እኛ እንደ ወትሯችን እንኑር፣ እናብስል፣ እንተኛ። ሳጥኗ የመጣች ቀን ማለዳ የሚንጫጫ ብርጭቆ አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። ኩንታላቸውን በኩሊ አሸክመው የመጡ ሴቶች ሞተሩ ተበላሽቷል እየተባሉ ይመለሳሉ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ሊቀመንበሩ ነው፣ የሚለኩ ሰዎች እየመጡ ነው፣ ስማችንን እንዳታስጠፋ ብሎ ለባለወፍጮው ቀድሞ የነገረው። ይህንን የነገረን የወፍጮው ሠራተኛ ራሱ ነው፤ በዕረፍቱ ተደስቶ በራችን ላይ ፀሐይ እየሞቀ።

ሲስተር ሳጥኗን ስታስቀምጥ እማዬ ወፍጮው ዛሬ ሆን ተብሎ እንደቆመ፣ ሌላ ቀን ቢመጡ እንደሚሻል ለመነቻት። ሲስተር ከልቧ አዘነች። ግን ሳጥኗ አንድ ብቻ እንደሆነች፣ ነገ ሌላ ቤት እንደምትፈለግ፣ ለፕሮፌሰሩ ግን እንደምትነግር ተናገረች። ያን ቀን ሳጥኗ አጠገቤ ስታጉረመርም ውላ አደረች፤ እኔም በማስታውሰው ዘመን ሁሉ የመጀመሪያውን ሙሉ እንቅልፍ ተኛሁ። በማግስቱ ሲስተር ሳጥኗን ይዛ ከመንደሩ መታጠፊያ ሳትወጣ ሞተሩ ተነሳ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የጥናቱ ውጤት ሆቴል ውስጥ በዎርክሾፕ እንደሚቀርብና የልጆቹ ወላጆችም እንደተጋበዙ ተነገረን። እማዬ መደቧን ዘግታ፣ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን ይዛ ሄደች። አባዬ የሚያስረክበው ልብስ ነበረበት፤ ደግሞም ከስብሰባ መልካም ነገር ወጥቶ አያውቅም ብሎ ያምን ነበር። አዳራሹ ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በየሰዉ ፊት የታሸገ ውኃ፣ ከፊት ትልቅ ስክሪን አለ። ባለድርሻ አካላት የተባሉት ሰዎች ከፊት ተቀመጡ። ሳንባችንን ይዘን የመጣነው ከኋላ።

ሊቀመንበሩ ተጋብዞ ስለ ልማት ተናገረ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ወጣ፤ ስክሪኑ ላይ ድንገት ክንዴ መጣ። ግድግዳ የሚያህል ክንድ፣ እብጠቱ ጉብታ ጉብታ ሆኖ። ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጥሎ ቤታችን መጣ፤ ከሰል ምድጃው ከፊት ተደርጎ፣ የእማዬ እጅ ከጎኑ ትንሽ እየታየ። የአስሙ ዋና መነሻ የእናቶች የግንዛቤ ማነስ ነው ተባለ። በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ያበስላሉ፣ መስኮት አይከፍቱም፣ መድኃኒቱን በአግባቡ አይሰጡም። የመጨረሻው በእኛ ቤት እውነት ነበር፤ እማዬም ሲነገር አንገቷን ደፋች። መፍትሔው ደግሞ ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ነው። ግንዛቤ የምትለዋ ቃል ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተጠራች እግዜር ይወቀው። ወፍጮ የምትለዋ ግን አንድም ጊዜ አልተጠራችም።

ጥያቄ ያለው ሲባል እማዬ ተነሳች። ሰው ፊት ተናግራ ስለማታውቅ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች። በርበሬ የሚፈጨው ወፍጮ ለምን እንዳልተጠቀሰ ጠየቀች። ፕሮፌሰሩ በትሕትና መለሰላት፤ ሳጥኗ በቤቱ ውስጥ ከውጭ የሚገባ የተለየ ብናኝ እንዳላገኘች፣ ጥናት ደግሞ ከመረጃ ውጪ መናገር እንደማይችል አስረዳ። እማዬ ያን ቀን ወፍጮው ቆሞ እንደነበር ተናገረች። ሊቀመንበሩ የታሸገ ውኃውን መክፈት ጀመረ። ሲስተር ከግድግዳው ጥግ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። መድረክ መሪው ጊዜ እያለቀ እንደሆነ፣ ሻይ እየቀዘቀዘ እንደሆነ ነገረን።

እማዬ አልተቀመጠችም።

«እሺ፣ ወፍጮውን ተውኩት» አለች። «ቤቴ የመጡ ጊዜ ልጅዎም አስም እንደነበረበት፣ እንደዳነ ነግረውኝ ነበር። በምን ዳነ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየ። መነጽሩን አወለቀ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ሥዕል ስክሪኑ ላይ አልነበረውም።

«ሰፈር ቀየርን» አለ።

ከዚያ ቀጠለ። ቤታቸው ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ አጠገብ እንደነበር፣ ባለቤቱ በዚያ ቤት አንድ ክረምት እንኳ አልጨምርም እንዳለች፣ አየሩ ንጹሕ ወደሆነ ቦታ እንደሄዱ ተናገረ። ሲናገር ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። የሚለውን ራሱ እየሰማው ይመስለኛል። እማዬ ግን ልታሳፍረው አልነበረም የጠየቀችው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ተቀመጠች፤ የመጣችበትን አግኝታለች። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሥዕልና ቁጥር ውስጥ እውነተኛውን ማዘዣ የሰማች እሷ ብቻ ናት። ሻይ ዕረፍት ሆነ፤ ሰዉ ወደ ኬኩ ተጋፋ።

ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት መሃል፣ እማዬ እጄን ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመድ ነበር። እቤት ስንደርስ ለአባዬ እኔን እህቱ ጋ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ሥር ልትልከኝ እንደወሰነች ነገረችው። አባዬ አንድ ልጅ ወልደን ለሰው አንሰጥም ብሎ ተቆጣ። ለምን ሁላችንም አንሄድም አለ። እማዬ ታዲያ መደቡን ማን ይይዘዋል፣ አንተስ ደንበኞችህን ተሸክመህ ልትወጣ ነው ወይ አለችው። ብዙ ተጨቃጨቁ። ፕሮፌሰሩ ሰፈር ሲቀይር ደመወዙም፣ ሚስቱም፣ አልጋውም አብረውት ሄደዋል። የእኛ ቤት ግን ሰፈር መቀየር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሄድኩ ቀን ያለቀሰው አባዬ ነው። እማዬ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ፓፉን ከቁም ሳጥን አውጥታ ኪሴ ውስጥ አስገባችና ሲያስፈልግሽ ማንንም ሳትጠይቂ ንፊ አለችኝ።

አክስቴ ደረቅ ሴት ነበረች፤ ክፉ ግን አይደለችም። ግቢዋ ሰፊ፣ አየሩ የባሕር ዛፍ ጠረን ያለው፣ ቤቱ ሁለት መስኮት ያለው ነበር። ይዤ የመጣሁትን ልብስ ደጋግማ አጥባ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይላል ብላ አብዛኛውን ሰጠችው። በመጀመሪያው እሑድ እማዬ ከመደቧ ቀጥታ መጣች። ከሩቅ ሳያት ሮጥኩ። እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ቆይ፣ አትንኪኝ» አለች።

አክስቴ ውኃ አሙቃ ነበር። እማዬ ገብታ ታጠበች፣ ፀጉሯን ታጠበች፣ እዚያ ልታስቀምጥ ይዛ የመጣችውን ሌላ ቀሚስ ለበሰች፣ የመጣችበትን በላስቲክ ቋጥራ ከግቢ ውጪ አኖረች። እኔ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ነው ያቀፈችኝ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ አለቅስ ነበር፤ ቀጥሎ አኮርፍ ጀመር፤ ቀጥሎ ለመድኩት። መልመዴን ነው ይቅር ያላልኳቸው። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ያ ሊቀመንበር፣ ሞተሩን ለአንድ ቀን ብቻ ማቆም ያልከበደው ባለወፍጮ፣ ልጅ እናቷን ለማቀፍ ወረፋ መጠበቅ እንድትለምድ አድርገዋል፤ አንዳቸውም ይህንን አያውቁም፤ ቢያውቁም የግንዛቤ ችግር ነው ይሉ ነበር።

አስሙ ግን ተወኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ዳገት መሮጥ ጀመርኩ፤ ፓፉ ኪሴ ውስጥ አቧራ ጠጣ።

ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል አክስቴ ቤት ስልክ ተደወለ። ሲስተር ናት። ቁጥሩን ከእማዬ ወስዳ ነው፤ የድሮዎቹን ልጆች መልሰው እየፈለጉ ነው፣ የክትትል ጥናት ነው። ደህና መሆኔን ስነግራት እውነተኛ ደስታ በድምፅዋ ሰማሁ። ከዚያ አድራሻዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ጥናቱ የሚመለከተው በሰፈሩ የሚኖሩትን ስለሆነ እኔ እንደማልካተት ይቅርታ እየጠየቀች አስረዳችኝ። ታዲያ የዳነችዋን አትጽፉም ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ፕሮፌሰሩን ጠይቃ እንደምትደውል ነገረችኝ። አልደወለችም። ስለዚህ በእነሱ ጥናት ውስጥ ሰፈር ቀይሮ የዳነ ልጅ የለም። ፕሮፌሰሩ ቤት አንድ አለ፤ አክስቴ ቤት አንድ ነበረች፤ ስክሪኑ ላይ ግን የለም።

ወፍጮውም በመጨረሻ ከቦታው ተነሳ። ለእኛ ሳንባ ተብሎ አይደለም፤ ቦታው ለሕንጻ ተፈለገ። ወፍጮ ቤቱም የእኛም ቤት አብረው ፈረሱ። በዚያው ሰሞን ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ለኅብረተሰቡ ጤና ሲባል ወፍጮው መነሳቱን ተናገረ አሉ። እዚያው ሰፈር ስንት ልጅ ሲያስል ሲያድግ ያልሰማ ሰው፣ ግሬደር ሲመጣ ጤና ትዝ አለው። ወላጆቼ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አባዬ የስፌት መኪናውን ሳሎን ውስጥ ተከለ። እማዬ በዚያው ፈረሳ መደቧን አጣች፤ ትንሽ ጊዜ አኩርፋ ተቀመጠችና እዚያው በርበሬ ተራ አካባቢ በአንዲት ዘመድ መደብ ላይ በትርፍ ተካፋይነት ገባች። በርበሬውን አሁን የምታስፈጨው ሌላ ሰፈር ነው፤ እዚያም ከግድግዳው ማዶ የማን ልጅ እንደምትተኛ አላውቅም።

እኔ ሥራ እንደያዝኩ ወደ እነሱ ተመለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችንም አንድ ጣሪያ ሥር፣ በሚከፈት መስኮት፣ ያለ ወፍጮ። ዕቃዬን አስገብቼ እንደጨረስኩ እማዬ እራት አቀረበች። ለራሷና ለአባዬ የለመዱትን ጠርዙ የተላጠ ትሪ አወጣች። ለእኔ ደግሞ ከመስታወቱ መደርደሪያ ውስጥ አዲሱን ሳህን አውርዳ፣ በፎጣ ወልውላ፣ ለብቻዬ ፊቴ አስቀመጠችልኝ፤ ወንበርም ጨርቅ ያለበትን ሰጠችኝ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ሳህኑን ግን አላነሳችውም።